የጋሽ ዘመንፈስ ጀርባ

ጥቅምት 3
የማታ የጽሕፈት ትምህርቱን ጨረስኩ። መምህርት እታገኝ «በየቀኑ ጻፍ፣ እጅህ እንዳይረሳ» ብላኛለች። እሺ። ዛሬ ፓርኪንጉ ውስጥ የቆመ መኪና ሁሉ ቆሞ ዋለ። ይኸው ጻፍኩ። እስከዛሬ ሳልጽፍ የቆየሁት ለሌሎቹ ጸሐፊዎች አዝኜ ነው።

ጥቅምት 5
ነገ አድማ፣ ስትራይክ! ዳውንታውን ኦክላንድ ያለን የፓርኪንግ ሠራተኞች በሙሉ እንወጣለን... ከጋሽ ዘመንፈስ በቀር። «ያበላኝን ሰው በሩ ላይ ቆሜ አልጮህበትም» አሉ። እዚህ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። እንደመጣሁ ሶፋቸው ላይ ያስተኙኝም እሳቸው።

ዶና ከሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከዩኒየኑ፣ መጥታ ስለ አያቷ አወራችን፤ የሥራ ባልደረባችን መቅደስ አስተረጎመች። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ አሉ። ከሰል ቆፋሪዎች ሲያድሙ፣ አድማውን ትቶ ሥራ የሚገባውን አይሰድቡም፣ አይመቱም። ሲያልፍ ሁሉም ጀርባቸውን ያዞሩበታል። ዝም። የአያቷ ወንድም ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ መንደር ኖረው ሳይነጋገሩ ሞቱ። ዶናም እስከዛሬ ከዚያኛው ቤት ልጆች ጋር ሰላም አትባባልም። ከሰሉ አልቆ ጀርባው ተረፈ ማለት ነው። ግሩም ውርስ! እኛ ቤት እንኳ ቢያንስ መሬት ነው የሚወረሰው።

«ጀርባ ማዞር? ለኔ ተዉት» አልኩ። እንደኔ ሰፊ ጀርባ በመላው ቤይ ኤሪያ የለም።

ጥቅምት 6
ጠዋት በሩ ላይ ተሰልፈን ሳለ ጋሼ ምሳቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ዶና እጇን አነሳች፤ ሁሉም ዞረ። እኔም ዞርኩ... ዞሬ ዞሬ ፊታቸው ተገኘሁ! ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ።
«እንደምን አደሩ ጋሼ?»
«እግዚአብሔር ይመስገን። ጉንፋኑ ተሻለህ?»
«ደህና ነኝ።»
«ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ።»
ይኼን የሰማ ሐበሻ ሁሉ መዞር ጀመረ። ናዖድ ትከሻቸውን ሳመ። ዙሌይካ ስለ ልጆቻቸው ጠየቀች። ሰልፉ ሰርግ ሆነ! ዶና ፊቷ ቲማቲም መሰለ። መቅደስ «ሽማግሌ ሲያልፍ ዝም ማለት እኛ ዘንድ...» እያለች ልታስረዳት ሞከረች። ጋሼ ግን ገቡ። ተመርቀው ገቡ ማለት ይሻላል።

ጥቅምት 7
ዛሬ ዞርኩ። እግሬን አስፋልቱ ላይ ተክዬ። ከኋላዬ ጫማቸው ቆመ።
«አማኒኤል?»
ዝም።
«ጉንፋኑስ፣ ልጄ?»
ዝም... ከሰል ቆፋሪ ጉንፋን ይዞት ያውቅ ይሆን?
ገቡ። ዶና ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ጉድ ጆብ» አለችኝ። አዎ፣ ጀግና ነኝ። ሳሌን እንኳ አፍኜ ነው የዞርኩት።

ጥቅምት 19
አሸነፍን። የደመወዝ ጭማሪው ለጋሼም ይደርሳቸዋል። ሥራ እንደገባሁ «እንደምን አደሩ ጋሼ?» አልኩ። ጀርባቸውን አዞሩ።
ከሰል ቆፍረው አያውቁም። ከማን ተማሩት?
...

ጥቅምት 28
ጀርባ።

ኅዳር 1
ዛሬም ጀርባ። የጃኬታቸውን ስፌት በቃሌ ያዝኩት። ቤተ ክርስቲያንም አይቀር፣ ሌክ ሜሪት ሐይቁ ዳርም አይቀር። ሁለታችንም እንዲህ ሆነን እንሞት ይሆን? ልጆቻቸው ልጆቼን ሳያናግሩ? ልጅ የለኝም... ቢሆንም።

ኅዳር 4
ሁለተኛ ፎቅ ላይ አገኘኋቸው።
«እንደምን አደሩ?»
ዞሩ። እኔም ዞሬ ፊታቸው ቆምኩ።
«እንደምን አደሩ?»
ዞሩ። ዞርኩ። ዞሩ። ዞርኩ። መኪናዋን ልትወስድ የመጣች ሴትዮ ቁልፏን እንደያዘች ቆማ ታየናለች። በመጨረሻ ጋሼ ምሰሶውን ያዙ።
«ቁም! ራሴን አዞርከው እኮ፣ ልጄ።»
ልጄ አሉ!
«እንደምን አደሩ ጋሼ?»
ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ።
«አሁንም ያስልሃል» አሉ። «ዝንጅብሉን አልጠጣህም።»
«አልጠጣሁም።»
«ደረቅ!»

መቅደስ ለዶና ነገረቻት። ሳቀች፣ ሳቀች። ቆይታ «ዝም ብሎ ዞሮ ፊታቸው ቆመ?» ብላ ጠየቀች አሉ።

አዎ። ከፈለገች ወደዚያኛው ቤት ልጆች አብሬያት ሄጄ አሳያታለሁ። እንደኔ የሚዞር በቤይ ኤሪያ የለም።