ስፒሉ ያልተሰማው ከንፈር

ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፤ ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ጠጉርዎ ደህና ነዎት? ጉልበትዎስ ደረጃውን መውጣት ቻለ ወይ? እትዬስ፣ ልጆቹስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ዛሬም የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጫለሁ፤ ለዚህ ያበቃኝ ፈጣሪ ይመስገን።

ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ገጥሞኝ መደነቄ እስካሁን አልበረደም። ባለፈው ወር የአንዲት መምህር ቀሚስ ጫፉን እያጠፍኩ፣ እንደ ልማዴ ሦስት ስፒል በከንፈሬ ይዣለሁ። ቀና ስል ሴትዮዋ ደነገጠች። “አባባ፣ አንዱ ስፒል ከንፈርዎን ወግቶታል፤ ደም እኮ ነው” አለችኝ። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። በመስታወት ባይ ግማሹ ገብቷል። አገጬን ብቆነጥጠው የሌላ ሰው አገጭ ሆኖብኛል።

ጥርስ ነው ብዬ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ንቀልልኝ ብለውም እምቢ አለ። “ጥርስዎ ከእኔ ይሻላል፤ አገጭ ግን ዝም ብሎ አይደነዝዝም” ብሎ ወደ ሆስፒታል ላከኝ። እዚያ ሐኪሟ አገጬን በጥጥ ነካክታ ስታበቃ ስለ ሽንቴ ጠየቀችኝ። አገጭና ሽንት ምን አገናኛቸው? ልጄ አጠገቤ ነበረችና ግድግዳውን እያየሁ “ደህና ነው” አልኩ። ልጄ ገብቷት፣ ውሃ ልግዛ ብላ ወጣች። ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቆራረጥብኝ፣ ሲያጣድፈኝ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ።

ደሜም ታየ፣ የአጥንት ፎቶም ተነሳሁ፤ የፕሮስቴት፣ ማለት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ፣ ካንሰር ነው አሉኝ። ከታች ተነስቶ የመንጋጋ አጥንቴ ድረስ ወጥቶ የአገጬን ነርቭ ተጭኖታል። በዚህ መንገድ የሚታወቅበት ሰው ጥቂት ነው አለች ሐኪሟ። ነቅሎ የሚያወጣው የለም፤ የሚገታውን መርፌ ግን ጀምሬያለሁ።

አልቅሻለሁ፣ አልዋሽዎትም። ከለቅሶው ግን መደነቁ በለጠ። አርባ ዓመት የሰው ገላ ስለካ፣ ትከሻን ለብቻ ወገብን ለብቻ እየጻፍኩ፣ ውስጡ እንዲህ የተሳሰረ መሆኑን አላወቅሁም። አፌ የደበቀውን ፈጣሪ በገዛ ከንፈሬ አወጣው። ዝምታዬ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፤ ሳጣራው ኩራት ነው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብትኖር አንድ ሳምንት እንኳ አትለቀኝም ነበር።

ጋሼ፣ ሐኪሟ ለወንድምም ያሰጋል ብላለች። አምና አብረን ስንጓዝ አውቶቡሱን ሦስት ጊዜ ለሽንት አስቁመው በጠጡት ሻይ አመካኙ፤ እኔም ነገሩን እያወቅሁ ሳቅሁልዎ። ያ ሳቄ አሁን ይቆጨኛል። ይሂዱና ይመርመሩ። መናገሩ ካሳፈረዎት ይህን ደብዳቤ ለሐኪሙ ይስጡት፤ እኔ ተናግሬልዎታለሁ።

እትዬን እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤውንም እሳቸው ያንብቡት። ሾፌሩን ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሐኪም ቤት ሳያደርስዎ እንዳያድር ብሏል አጎትህ ይበሉት። ትንሿን ይሳሙልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ከልብስ መስፊያ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን