ለስድስት ሲሊንደር ስምንት ገመድ ላደለው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የውኃ ላይ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (የብስ ላይ እንደሚሆን ተስፋ በማድረግ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ባለፈው ዓርብ ሐይቁ ላይ የመታዎት ንፋስ ለጉንፋን እንዳልዳረገዎት ከልቤ እመኛለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴና የባለቤቴ ወንድም ሁላችንም ደህና ነን። ከጽሕፈት ቤትዎ በጨረታ የገዛኋት ጄት ጀልባም ከተረከብኳት ቀን ጀምሮ ከቦታዋ ንቅንቅ ባለማለቷ አንዳች አደጋ አልደረሰባትም፤ ለዚህ ታላቅ የደህንነት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ከሐይቁ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። በመኪና ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አሣ አጥማጁ በመቅዘፊያ የሚነዳት ጀልባም በሳምንት አንዴ ብቻ ስለምትመላለስ፣ ሳምንቱን እዚያው ሰንብታ ዓርብ ማታ መጥታ በማግስቱ ትመለሳለች። ትናፍቀኛለች፤ ይህንን በአደባባይ ለመጻፍ አላፍርም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ያገለገለች፣ ውኃ ከሥሯ ስባ ወደ ኋላዋ እየረጨች የምትፈተለክ ጀልባ እንደሚሸጥ ባስነገረ ጊዜ፣ ባለቤቴ ማታ ማታ ቤቷ ትገባልኛለች ብዬ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ውስጧ ምን እንዳለ ሳልጠይቅ ገዛኋት። አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. ሞተሩ ቁልፍ ሲዞርለት ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ ደስ ሲለው ደግሞ በካርቡራተሩ በኩል እሳት ይተፋል፤ ከመነሳት በቀር የማያደርገው ነገር የለም። መካኒክ የሆነው የባለቤቴ ወንድም ቤንዚኑን አጣራ፣ ባትሪውን ቀየረ፣ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ቦረሸ፤ በመጨረሻም ጥፋቱ የእሳቱ ነው ብሎ ደመደመ። እሳቱን ለካንዴላዎች በየተራ የሚያድለውን ዲስትሪቢዩተር ልናይ ስንል ግን በብረት ሽፋን ተሸፍኖ፣ ሽፋኑም በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ታሽጎ አገኘነው። ማኅተሙን የሰበረ ሰው የመንቀሳቀሻ ፈቃዱን ያጣል። ጀልባዬ ባትንቀሳቀስም ፈቃዱን እወደዋለሁ።

፪. ማኅተሙን እንድትከፍቱልኝ ልለምን ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። በመስኮቱ በኩል ያስተናገዱኝ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና፣ ማኅተም የሚከፈተው ጀልባው በራሱ ሞተር ወደ መመርመሪያው ወደብ ሲቀርብ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ሞተሩ ያልተነሳው የታሸገው ነገር ስለተበላሸ እንደሆነ ባስረዳቸው፣ «እንግዲያውስ መጀመሪያ አስጠግነው ይምጡ፤ ከዚያ እንዲጠገን እንከፍትልዎታለን» አሉኝ። ይህን መልስ እቤት ሄጄ ለአማቴ ብነግራቸው ደጋግመው አስነገሩኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሲከፋቸው «እስቲ ያችን የጸሐፊዋን ንገረኝ» ይሉኛል። ቤተሰባችንን ስላስደሰቱልን እናመሰግናለን።

፫. የባለቤቴ ወንድም ማኅተሙን ሳይነካ በሽፋኑ ጎን ባለችው ክፍተት እጁን ሰድዶ ወደ ካንዴላ የሚሄዱትን ገመዶች በዳሰሳ ቆጠረ፤ ስምንት ሆኑ። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው! ተሳስተሃል ብዬ እኔም እጄን ከተትኩ፤ ስምንት። ስንጨቃጨቅ የሰሙት አማቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡና፣ «ስምንት ልጅ ወልጄ፣ መብራት ሲጠፋ እየዳበስኩ ቆጥሬ ያስተኛሁ ሴት በስምንት አልታማም» ብለው ክርክሩን ዘጉት። ሁለቱ ገመዶች ጫፋቸው እንደ ቆሰለ ጣት በፕላስተር ተጠቅልሎ መንጠልጠሉንም ያገኙት እሳቸው ናቸው።

ክቡርነትዎ መካኒክ ስላልሆኑ ላብራራ። ለስምንት ተመጋቢ የሚያድል አስተናጋጅ ስድስት ሰው ፊት ቢቆም ተራው ይዛነፍበታል፤ አንዱ ሳይርበው ይቀርብለታል፣ ሌላው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ባለ ስድስቱና ባለ ስምንቱ ሞተር የአንድ ፋብሪካ ልጆች በመሆናቸው የአንዱ ዲስትሪቢዩተር በሌላው ቀዳዳ ይገባል። የገባ ሁሉ ግን አይስማማም።

፬. ይህ አቤቱታ ሳይሆን የምሥራች ነው። ዓርብ ዕለት እርስዎን አሳፍራ ለጉብኝት የወጣችው የጽሕፈት ቤትዎ ጄት ጀልባ፣ ከእኔዋ ጋር በአንድ ወቅት በአንድ ጋራዥ የታደሰችው ማለቴ ነው፣ ሐይቁ መሐል ደርሳ አስላ አስላ ዝም አለች። ከረባትዎን እንዳሰሩ ሲንሳፈፉ አግኝቶ በገመድ አስሮ የጎተተዎት አሣ አጥማጅ ያን ማታ ባለቤቴን ወደ ቤቷ እያመጣልኝ ነበር። ሾፌርዎ የሞተሩን ሽፋን ከፍቶ ጭንቅላቱን ሲያክክ ባለቤቴም፣ በቤታችን ሌላ ወሬ ስለሌለ ለምዶባት፣ ቆጠረች። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ስድስት ገመድ። ሁለቱ ካንዴላዎች ባዶ ራሳቸውን ቆመዋል። የእኔው ከእርስዎ ዘንድ፣ የእርስዎም ከእኔ ዘንድ ነው ያለው ማለት ነው። የእርስዎ ጀልባ ማኅተም እንደሌላትም አስተውላለች።

፭. በመጎተትዎ ምክንያት ባለቤቴ እጅግ ዘግይታ ገባች፤ ራቱም ቀዘቀዘ፣ እሷም ወንበር ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። በሳምንት ያለችኝ አንዲት ማታ ያቺ ነበረች። ይህን አንዱን ያለ ቀልድ ይያዙልኝ።

ስለሆነም ክቡርነትዎ አንዲት ፒንሳ ይዘው ወደ እኛ ዳርቻ ብቅ ቢሉና ማኅተምዎን በገዛ እጅዎ ቢቆርጡ፣ የባለቤቴ ወንድም ሻይዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ ሁለቱን ዲስትሪቢዩተሮች አለዋውጦ ይገጥማቸዋል። ጀልባዬ ወደ እርስዎ መምጣት እንደማትችል፣ የእርስዎም ወደ እኔ እንደማትችል አልዘነጋሁም፤ አሣ አጥማጁ ግን እርስዎን የመጎተቱን ሥራ ስለለመደው ሁለተኛው እንደማይከብደው ቃል ገብቷል።

ለጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በማትሄድ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ማዶ ማዶውን የማይ ትሑት አገልጋይዎ፣

የአዋላጇ ባል

ግልባጭ፦
ለአሣ አጥማጁ (ገመዱን አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ)
ለአማቴ (እንዲስቁ)

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ውኃው መሐል ሳሉ ባለቤቴን «እኅቴ፣ ብቻ የብስ አድርሱኝ እንጂ የጠየቃችሁኝን ሁሉ አደርጋለሁ» ብለዋት ነበር። እሷም ፈገግ አለች። በምጥ ሰዓት የሚገባ ቃል በሥራዋ ብዙ ሰምታለች፤ አብዛኛው ሕፃኑ ካለቀሰ በኋላ እንደሚረሳም ታውቃለች። ደብዳቤው በፖስታ ታሽጎ ሳይሆን ሰው ሁሉ በሚያነብበት እንዲወጣ ያዘዘችኝም እሷ ናት።