የተሰበረው የዱባ ብስኩት

ውድ ልጄ ሊኔት፣

ሊጡን ትናንት አቡክቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሳይቀዘቅዝ ከተዳመጠ የሌሊት ወፍ ቅርጽ ያለው ብስኩት ክንፉ ምድጃ ውስጥ ተንሰራፍቶ ድንች ይመስላል፤ ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ቅርጽ ማውጫዎቹን በፈላ ውሃ አጥቤያለሁ። አዲስ መዳመጫም ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ከልጅሽ ከቴሳ ጋር መጥታችሁ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና የሃሎዊን ብስኩት አብረን ልንጋግር ነው። አንቺ እንዲያ ብለሽኛል። ይህን ካነበብሽ በኋላ ግን የምትመጪ አይመስለኝም።

ትናንት ስልክ ላይ እየሳቅሽ ነበር። «እማዬ፣ አታስቢ። አሁን ሳትጠይቅ ምንም ነገር አፏ ውስጥ አትከትም። እስኪሰለቻት ነግሬያታለሁ!» ከኋላሽ ቴሳ «እሺ አልኩሽ አይደል፣ እማ» ስትል ሰማኋት። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ እንደዚያ መድከም የለበትም።

የዛሬ ሦስት ዓመቱን ሃሎዊን መቼም አትረሺውም። ገና ኮትሽን ሳታወልቂ የዱቄቱን፣ የቅቤውን፣ የቀለሙን ማሸጊያ ሁሉ እያነሳሽ ታነቢ ጀመር።

«ኦቾሎኒ የነካው ማንኪያ የለም አይደል?»

«ወይ አንቺ ልጅ! አራታችሁን ያሳደግኩት ማሸጊያ እያነበብኩ ነው?»

«አራታችንም እንደ ቴሳ የኦቾሎኒ አለርጂ አልነበረብንም። ዕድለኛ ነሽ።»

ተናደድኩ። በገዛ ወጥ ቤቴ እንደ ገረድ ተቆጣጠረችኝ ብዬ ቂም ያዝኩ። ከዚያ አንቺ ቴሳን ከእኔ ጋር ትተሽ ወደ ሥራሽ ሄድሽ።

እስከ ዛሬ ለሁላችሁም የነገርኳችሁ «ኦቾሎኒ የጨመርኩት እጄ ለምዶ ነው፣ ረስቼ ነው» እያልኩ ነው። ውሸቴን ነው። መኪናሽ እስኪታጠፍ በመስኮት ጠበቅኩ። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ የኦቾሎኒ ቅቤውን አውጥቼ፣ እናቴ ታደርግ እንደነበረው አንድ ማንኪያ ሙሉ ሊጡ ውስጥ ጨመርኩ። ቴሳ በልታ ምንም ሳትሆን ማታ ስትመለሺ የኦቾሎኒ ቅቤውን ዕቃ ላሳይሽ ነበር። «ይኸው፣ የታለ በሽታሽ?» ልልሽ ነበር። የምልሽን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሊኔት።

ብስኩቱ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቴሳ ወንበር ላይ ተንበርክካ ማስዋብ ጀመረች። በጥቁሩ የስኳር ክሬም ላይ በነጭ ክብ ክብ ትሠራና፣ በስቴኪኒ ከመሃል ወደ ዳር እየጎተተች የሸረሪት ድር ታወጣለች። ከእኔ ይበልጥ ያምርላት ነበር። አንዱ የዱባ ቅርጽ ያለው ብስኩት ተሰበረባት። ስባሪውን አንስታ ወደ አፏ ካስጠጋች በኋላ ቆም አለች።

«አያቴ፣ ኦቾሎኒ አለበት እንዴ?»

«የለበትም፣ የኔ ቆንጆ። ብዪ።»

በላች።

ከንፈሯ ሲያብጥ የአለርጂ መርፌዋን ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠችኝ ራሷ ናት። እንዴት እንደሚወጋ ግራ ሲገባኝ እጄን ይዛ ጭኗ ላይ ያስደገፈችልኝም እሷ ናት። አንቺ ሆስፒታል እንደደረስሽ፣ ድንጋጤሽ ነው መቼም፣ ጮኽሽባት። «ጠይቂ አላልኩሽም? ስንት ጊዜ ልንገርሽ!» ቴሳ ከኦክስጅኑ ጭንብል በላይ እኔን አየችኝ። እንድናገር ጠበቀችኝ። ዓይኔን ወደ ወለሉ ስመልስ ጭንብሉን ገለጥ አደረገችና «ሳልጠይቅ በላሁ፣ እማ። ይቅርታ» አለችሽ።

የሰባት ዓመት ልጅ ለእኔ ብላ ዋሸች። አንቺ ደግሞ እኔን አቅፈሽ «ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ እማዬ» አልሽኝ። እቅፍሽ ውስጥ ሆኜም ዝም አልኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ እሷን ትቆጫለሽ፣ እኔን ታጽናኛለሽ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ በምን አፌ? ሊጡን ዛሬ እደፋዋለሁ። በሃሎዊን ዕለትም የበረንዳዬን መብራት አላበራም። በዚያ ምሽት ከረሜላ ለመጠየቅ በየደጁ የሚዞሩት የሰፈሩ ልጆች መብራቱ የጠፋ በር እንደማይንኳኳ ያውቃሉ። ለልጅ ምግብ የሚሰጥ እጅ ከእንግዲህ የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቴሳን አጠገብሽ አስቀምጪና፣ እንዳስተማርሻት መጠየቋን እንደምታውቂ ንገሪያት። «የዋሸችው አያትሽ ናት» በያት። ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ልጄ። እኔን ሌላ ጊዜ ትጠዪኛለሽ።

እናትሽ
ማርሊን