ኬቺ ላልከኝ ለይኸነው

ይኸነው፣

ምድጃው ላይ ያለውን ፍም በአመድ አዳፍኜዋለሁ። ውሃ እንዳታፈስበት። ማታ ገለጥ አድርገህ ከሰል ጨምርበት፣ ይያያዛል። ድንቹ ተቀቅሏል፣ ብላ። ስትወጣ ቁልፉን ለእትየ ሙሉነሽ ስጥልኝ።

እኔ ዳንግላ ሄጃለሁ፣ የማናለብሽ አባት ዘንድ። ለምን እንደሆነ አታጣውም።

ትናንት ወንድሟ ኪዳኑ እዚህ ቁጭ ብሎ ሳለ ፍሙን ሳዳፍን አየኸኝና፣ «ይሄ ሰውዬ ኬቺ ነው! በጃፓንኛ ስስታም ማለት ነው» አልከው። ኪዳኑ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አሁን ይሄን ለአባቱ ሳይነግር ይውላል? ሽማግሌ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ እንደሆነ እያወቅህ!

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ጆሮ ግን አለኝ። ያን የጃፓንኛ ትምህርት ከስልክህ ጮክ አድርገህ ስትሰማ እዚሁ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። አስተማሪው በአማርኛ እየፈታ፣ «ኬቺ ስስታም ነው፤ ኬንያኩካ ግን አስቦ የሚያወጣ ቆጣቢ ሰው ነው፣ ምስጋና ነው» ሲል ሰምቻለሁ። አንተም ሁለቱንም እየደጋገምክ ስትለው ነበር።

ሁለቱንም እያወቅህ ለእኔ ኬቺን መረጥክልኝ።

ድሮም እንዲሁ ነህ። ይቅር፣ አልዘረዝርም።

ትናንት ማታ ሻንጣህን በእርግጫ በመምታቴ ግን ደግ አላደረግሁም።

አባቷ ከጠየቁኝ ሁለቱንም ቃል እነግራቸዋለሁ፣ ተደብቄ አልገባም። የቱ እንደሆንኩ እሳቸው ይፍረዱ። ያንተን ፍርድ ሰምቻለሁ።

ምህረቴ