ማነጣጠሪያውን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዶሮዎችሽስ፣ ያ ቀበሮ ከጠፋ ወዲህ እንቁላል መጣል ጀመሩ ወይ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። የኦሃዮ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ እኛ ሰፈር ግን አልደረሰም። የላክሽልኝ የፖም ማርማላታ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ራንዳል መጠጥ ትቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ይቀመጣል ብለሽ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ጓዙን ይዞ ወደ እኔ ወደ ሚስቱ እንዲመለስ ቃል ሰጥተሽዋል። እኔንም «ያንን ሽጉጥ ሽጪና እንደ ሰው ትዳርሽን ያዢ» ብለሽኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ስለ ሽጉጡ ልንገርሽ። እስካሁን ከሰው አፍ ነው የሰማሽው።

ራንዳል ጥሎኝ ሲሄድ ጥሩ ጥሩዎቹን ጠመንጃዎች መኪናው ላይ ጭኖ፣ ይህችን ርካሽ ሽጉጥ መሳቢያ ውስጥ ተዋት። «ለወረቀት መጫኛ ትሆንሻለች» ነበር ያለኝ። ቃታዋ አሸዋ እንደገባበት የበር ማጠፊያ ይጎረብጣል፤ እጀታዋ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። ከማጸዳበት የጥርስ ሐኪም ቤት የሚጣሉትን ስለ ጠመንጃ የሚጽፉ አሮጌ መጽሔቶች ለቅሜ፣ ግማሽ ገጽ የቀረውን ሳይቀር አነበብኩ። እጀታዋን በብስክሌት የውስጥ ጎማ አለበስኩት። የፊት ማነጣጠሪያዋን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁት። የቃታዋን ሞላ በፖስታ አስመጥቼ ራሴ ቀየርኩ። ተፈናጥሮ ማቀዝቀዣው ሥር ገብቶ፣ በሆዴ ተኝቼ በመጥረጊያ እንጨት ነው ያወጣሁት።

ወደ ሰፈራችን የተኩስ ክበብ ስሄድ ሎኒ የሚሉት ቀልደኛ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሽጉጥ ነው ወይስ የውሃ ቧንቧ?» አለኝ። «ቧንቧም ቢሆን እንዳንተ አፍ አያፈስም» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ወንዶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁበት።

ነገር ግን ጥይቶቼ ሁሉ ከመሃል ዝቅ ብለው ወደ ግራ ይሄዱ ነበር። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው አልኩና የኋላ ማነጣጠሪያውን ወደ ላይና ወደ ቀኝ ገፋሁት። አንዳንዴ መሃሉን አገኘው ጀመር፤ አንዳንዴ ጭራሽ የዒላማውን ወረቀት እንኳ አልነካው።

እዚያ አንድ ልማድ አለ። የሽጉጥሽን ካዝና ሌላ ሰው ጥይት ይሞላልሽና ከጥይቶቹ መካከል ባሩድ የሌለው አንድ ይከትበታል፤ የትኛው እንደሆነ አታውቂም። የእኔን የሞሉልኝ ኦርቪል፣ የክበቡ ሽማግሌ ናቸው። ተኮስኩ፣ ደገምኩ። ከዚያ ቃታውን ስስብ ቀጭ ብቻ አለ። ድምፅ የለም፤ አፈሙዙ ግን መሬት መሬት ያያል፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ከኋላዬ ሳቅ ሆነ። ኦርቪል አልሳቁም። «የኔ ልጅ፣ ሽጉጥሽ ምንም አልሆነች። ድምፁ ሳይመጣ ትሸሺዋለሽ» አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «ይሄንን እኮ እዚህ አልተማርሽውም» አሉ።  

ያን የብርድ ወራት ቤቴ ውስጥ፣ ባዶ ሽጉጥ ላይ ሳንቲም አስቀምጬ፣ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታ መሳብ ስለማመድ ከረምኩ። በረዶው ሲቀልጥ ክበቡ ሄጄ ብተኩስ ጥይቶቼ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ነጎዱ። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። እጄ መሸሹን ትቷል፤ ማነጣጠሪያው ግን ገና እንደ ፍርሃቴ ተጣሞ ቆሟል። ጤነኛዋን ሽጉጥ ነበር ለፍርሃቴ ብዬ ያጣመምኳት! ወደ ቀድሞ ቦታው መለስኩት። አሁን ጥይቶቼ የሻይ ስኒ አፍ በሚያክል ቦታ ይሰበሰባሉ። ለአውራጃው ውድድር ከሚሄዱት አንዷ ሆኛለሁ፤ ጥይቴን የሚሸከምልኝም ሎኒ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ራንዳል እሑድ እንዳይመጣ። ቃሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽና አንቺው ንገሪው። መጠጡን ትቶ ከሆነ ደግ አደረገ፤ ለራሱ ይበጀዋል። የበሩን ቁልፍ ቀይሬዋለሁ። ሰዎች በሽጉጥ ልታስፈራራው ነው ቢሉሽ እንዳታምኛቸው። የምተኩሰው ወረቀት ላይ ነው፤ ሽጉጧም ሣጥን ውስጥ ተቆልፋ ነው የምታድረው። ለራንዳል «አይሆንም» ማለት ይበቃዋል። ድሮ ይህን ቃል ማውጣት አቅቶኝ ነበር።

«ሴት ልጅ ትችላለች፤ እኔም ችዬ ኖሬያለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። አውቃለሁ፣ እማዬ። የአባባ መኪና ግቢ ሲገባ ምድጃው አጠገብ ቆመሽ፣ በሩ ገና ሳይከፈት ዓይንሽን ትጨፍኚ ነበር። ልጅ ሆኜ የሽንኩርቱ ነገር ይመስለኝ ነበር። አባባ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ባለፈው ገና ግን ነፋሱ የጓዳውን በር ሲገፋው፣ በሩ ሳይላተም በፊት ዓይንሽን ስትጨፍኚ አየሁሽ። 

እሑድ እሱ ይመጣል ባልሽበት ሰዓት እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እሠራለሁ። ሲመሽ ልመለስ ካልሽ እመልስሻለሁ፤ ልቆይ ካልሽ የኋለኛው ክፍል አልጋ ተነጥፏል።

እግዚአብሔር ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ዓይንሽን ለእንቅልፍ ብቻ የምትጨፍኚበት ዕድሜ ይስጥሽ።

ልጅሽ