ያልተነበበላት ምዕራፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ቀዩን መጽሐፍ ጨረስሁት። አልወደድሁትም። ሰውየው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መስኮት ላይ ቆሞ ያስባል። ሲሠራ አላየሁትም፣ ሲጣላ አላየሁትም፣ ሲበላ እንኳ አንድ ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ ዝናብ ጣለና አለቀ ይላል። አላለቀም። እኔ አገሬ መካነ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ባወራ ተቀምጦ የሚሰማኝ አላገኝም።

መጻሕፍቱን የምትሰጠኝ የእኅቴ ልጅ እመቤት ናት። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። በቀደም ቀዩን ስነቅፍባት «አጎቴ፣ እንደሱ ከሆነ ጻፈውና እንከራከር» ብላ ይኸን ደብተር ሰጠችኝ። እጄ ለመጻፍ ይከብዳል። ከፊደልና ከዳዊት አላለፍሁም። ግን ዳዊት የደገመ ሰው የሚያቅተው መጽሐፍ የለም።

ዓይኔ ብቻውን አያነብም። ድምፄን አውጥቼ ነው የማነብ። ስለዚህ እኅቴ ብርቄም ትሰማለች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር ነው፣ እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ። ልቧን ታማለች። ሚስቴ የሺ ከሞተች ወዲህ ጎንደር ከነሱ ጋር ነኝ፤ ንባቡ ለሁለታችንም ሆነ።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። የብርቄ ወንድ ልጅ ደሳለኝ ሞቷል። የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር። ወደ ደቡብ እንደሄደ ማኪናው ተገለበጠ። መንገዱ አላስመጣ ብሎ እዚያው ተቀበረ። ብርቄ አልተረዳችም። ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆናትም አለ። እመቤት ከሥራ ስትመለስ ጥቁሯን ጎረቤት ቤት አውልቃ፣ ፊቷን ታጥባ ነው የምትገባ። እሷና የአባቷ ወንድም አያ መኮንን እኔንም አስማሉኝ። ማልሁ። አልወደድሁትም፣ ግን ማልሁ።

ነገ ሰማያዊውን መጽሐፍ እንጀምራለን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ይኸኛው ሸጋ ነው። ዘርፌ የምትባል ሴት ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጇ ሩት በደላላ ሥራ ፍለጋ ሄዳለች፣ ወሬዋ ጠፍቷል። ነገሩ ይኸው ነው።

የማልወድለት ነገር አለ። ቀኑን ያምሰዋል። አንዴ ሩት ሕፃን ናት፣ ገጹን ስገልጥ ሄዳለች፣ ደግሞ ስገልጥ ጸጉሯን ትሠራለች። ብርቄ «ልጅቱ አሁን ሄዳለች ወይስ አልሄደችም?» እያለች እኔን ትቆጣኛለች። የጻፍሁት እኔ ይመስል።

ብርቄ ስለ ዘርፌ አንድ ነገር አላማራትም። «ይች ሴት ምነው ትቀመጣለች? እኔ ብሆን ልጄን የወሰደውን ደላላ አንገቱን ይዤ አንቀው ነበር።»

«አንቺ የዶሮ አንገት እንኳ ለጎረቤት ሰጥተሽ ነው የምታሳርጅ» አልኋት።

ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

አንድ ቦታ ግን ቆምሁ። ዘርፌ በየማታው ለልጇም ሳህን ታቀርባለች፤ ሲነጋ ማንም ያልበላበትን ሳህን ታጥባለች ይላል። ይኸን የጻፈው ሰው ከቤቱ ሰው ጎድሎበት ያውቃል። እኔም የሺ ከሞተች በኋላ ለጎመኑ ሁለት ማንኪያ አወጣ ነበር። ለማንም አልተናገርሁትም። ይኸ ሰው ከየት አመጣው?

 እመቤት ስትገባ ብርቄ «ደሳለኝ ደወለ?» አለቻት።

«ኔትወርክ የለም እማዬ።»

«ለሌላው ሰው ይመጣል እኮ።»

እመቤት ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትፈልግ ጀመር። የምትፈልገው ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ብርቄ ቀን ተኝታ ሳለ መጽሐፉን ይዤ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ቀድሜ ማንበብ ልማዴ አይደለም። ዛሬ አነበብሁ፣ ተጸጸትሁም።

ዘርፌ ታክሲ እየጠበቀች ስልኳ ይጠራል። የማታውቀው ሰው ነው። «የሩት እናት ነሽ?» ይላታል። «ነኝ» ስትል ልጅሽ ሞታለች ይላታል። በቃ። መንገድ ዳር፣ በቆመችበት፣ የሽንኩርት ከረጢት ይዛ። መጽሐፉን ሣሩ ላይ ወረወርሁት።

እመቤት ስትመጣ ገና ንዴቴ አልበረደም። «ጸሐፊው አረመኔ ነው» አልኋት። «ሰው እንዲህ አይረዳም።»

«ምነው አጎቴ፣ እንዴት ነው የሚረዳው?»

ነገርኋት። ዘመድና ጎረቤት ገና ሳይነጋ አንድ ቤት ይሰበሰባል። ጎሕ ሲቀድ አንድ ላይ ይገባል። እንዳትወድቅ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች ይቀድማሉ። ቃሉን የሚናገረው በዕድሜ የገፋው ነው። ከዚያ ሁሉም አብሯት ያለቅሳል። ይኸን እያወቀ መርዶን በስልክ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

እመቤት እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «እኔ የደሳለኝን እንዴት እንደሰማሁ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች።

አልጠየቅኋትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን።

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ። የፈተና ወረቀት ይዤ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ነው። እኅቱ ነሽ? አለኝ። ወረቀቱ ከእጄ አልወደቀም፣ እሱ ነው የሚገርመኝ። ክፍል ገብቼ አደልኳቸው።»

 ተነሥቼ መጽሐፉን ከሣሩ ላይ አነሣሁት። ሽፋኑን በጋቢዬ ጠረግሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ያቺ ምዕራፍ ደረሰች። ነገ እናንብብ ብል ትጠረጥራለች። ጀመርሁ። ዘርፌ ከጉልቱ ተነሣች፣ ከረጢቷን ያዘች፣ ታክሲ መጠበቂያው ላይ ቆመች። ስልኩ ጠራ።

ከዚያ በኋላ ያለው ከመጽሐፉ አይደለም። «ሩት ናት» አልሁ። «እማዬ መጣሁ አለቻት። ዘርፌም ደስ አላት።» እንዲህ ብየ መጽሐፉን ዘጋሁ።

ልጅ ሳለሁ የኔታ ዘንድ ዳዊት ስናነብ አንዲት ቃል የዘለለ ልጅ ያገኘውን ያውቃል። የተጻፈ ነገር አይቀነስም፣ አይጨመርበትም። ባረጀሁ ጊዜ ልብ ወለድ ላይ ጨመርሁ። የጨመርሁትም አያምርም። እኔው ራሴ በሌላ መጽሐፍ ባገኘው እነቅፈው ነበር።

ብርቄ «ሸጋ» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቆይታ ከትራሷ ሥር ጧፍ አወጣች። «ነገ ሚካኤል ነው። ይኸን አድርስልኝ። ደሳለኝንም በክርስትና ስሙ አስጠራልኝ። ወልደ ሚካኤል ነው።»

«አውቃለሁ» አልኋት። ሲጠመቅ የያዝሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ሰው ሞልቶ ነበር። ጧፉን አደረስሁ። ስም የሚጽፈው ዲያቆን ዘንድ ተሰለፍሁ።

«ስም?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«ለሕያዋን ነው ለሙታን?»

ብርቄ ይኸን አልለየችልኝም። ከኋላዬ ይገፉኛል። ዲያቆኑ እስክርቢቶውን ይዞ ይጠብቃል። በሕያዋን ባስጽፈው ማንም አያውቅብኝም ነበር። አፌ እንቢ አለ። «ለሙታን» አልሁት። የማልሁት ለብርቄ ላልነግር ነው። ለእግዚአብሔር ልዋሽ አልማልሁም።

ስመለስ ብርቄ ነቅታ ነበር።

«አስጠራኸው?»

«አስጠራሁት።»

«ደግ አደረግህ።» ወደኔ ዞረች። «ወንድምዓለም፣ ትናንት ያነበብኸው ከመጽሐፉ አይደለም።»

«ምነው?»

«ስታነብ እንደ ዳዊቱ ትጎትተዋለህ። ዓመቱን ሙሉ ሰማሁህ እኮ። ትናንት ስልኩ ሲጠራ መጎተቱን ተውህና እንደ ወሬ አወራኸኝ። ገጹንም አልገለጥህ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ልጅቱ ሞታለች አይደል? የመጽሐፏ?»

«ሞታለች።»

«የሌላውን አልጠይቅህም» አለች። «አስምለውህ ይሆናል።»

ይኸን ካለች በኋላ ውሃ ስጠኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። 

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ተጣላሁ። ጎረቤታችን አስቴር ቤት ነው የተሰበሰብነው። አስቴር ነርስ ናት፤ እመቤት ጥቁሯን የምታወልቀው እሷ ዘንድ ነው። አያ መኮንንም መጣ።

«ነገ ትረዳ» አልሁ።

አያ መኮንን ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «እስከ ገና ትቆይ ተባብለናል እኮ! ልቧ ቀጥ ቢል አንተ ነህ ተጠያቂው።»

«እሺ፣ እኔ ልጠየቅ። ግን አውቃለች። ሁላችሁም ታስታምሟታላችሁ፣ እሷም እናንተን ታስታምማለች። ያጣችው ማልቀሻ ነው።»

«ማን ነገራት ታዲያ? አንተ ነህ!»

«የነገራት የለም።» የጧፉንና የንባቡን ነገር አወራሁላቸው።

«አንተን ልብ ወለድ አበላሸህ» አለኝ አያ መኮንን። «ሽማግሌ ሰው ስለ ፍቅር እያነበበ ይውላል፣ ከዚያ መጥቶ ያዝዘናል።»

«ፍቅር ያለበት ገና አልደረሰኝም» አልሁት። «ያንተ መሬት ክርክር ከሁሉም ይረዝማል፣ እሱን ስሰማ ነው የኖርሁ።»

አስቴር ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እመቤት ግን አልሳቀችም። ታለቅስ ነበር። «እኔ ደክሞኛል» አለች። «በዚህ በር ላይ መልበስ፣ ማውለቅ። ወንድሜን እቤቴ ገብቼ አልቅሼው አላውቅም።»

ያን ጊዜ አያ መኮንን ከዘራውን አስቀመጠ።

አስቴር ሐኪሙ ጋ ደወለች። ነርስ ካጠገቧ ካልተለየ፣ መድኃኒቷን ቀድማ ከዋጠች ይሁን አለ። በፈቃዱ ነው፣ ያለ ፈቃዱ አይደለም፤ ይኸ ይጻፍልኝ። ሰኞ የገና ጾም ይገባል፣ ሳይገባ ይሻላል። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንገባለን።

ቃሉን የምናገረው እኔ ነኝ። ምን እንደምል ከራሴ ጋር ሳወራ ዋልሁ። የሚያምር ነገር አበጀሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አስቴር ቤት ተሰበሰብን። ሲነጋጋ ግቢውን ተሻገርን። ሴቶቹ ቀደሙ፣ እኔ ከኋላቸው። እመቤት ጥቁሯን እንደለበሰች ናት፤ በዚህ ቤት የመጀመሪያዋ ነው።

ብርቄ ተኝታ አልነበረችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን መሬት አስነክታ፣ ነጠላዋን ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ትጠብቀናለች።

«ግቡ» አለች። «ምነው ዘገያችሁ?»

ያበጀሁት ቃል ጠፋኝ። «ብርቄ፣ ደሳለኝ አርፏል» ብቻ አልሁ።

ጮኸች። የያዟት ሴቶች ይዘዋት አብረው ወደቁ። ከቤት እስከ ግቢ ሁሉም አለቀሰ፣ አያ መኮንንም። ትንሽ ቆይታ የእመቤትን ጥቁር ቀሚስ ጫፍ ያዘች። «ይኸን የት ስታስቀምጭው ነበር?» አለቻት።  «የት ብቻሽን ስታለቅሺ ነበር፣ ልጄ?»

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ፋታ ሲገኝ ብርቄ በእጇ ጠራችኝ። ድምጿ ተዘግቷል።

«ያቺ ሴት ስልኩን ሰምታ ምን ሆነች?»

«ታክሲው መጣ። ገባች።»

«ከዚያስ?»

«ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉላትና ተቀመጠች። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«ያቀፋት የለም?»

«የለም።»

«ያወቀላት?»

«ማንም።»

ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሴቶቹ ዞረችና «ለዘርፌም አልቅሱላት፣ ልጇ ሩት ሞታባታለች» አለች። ከዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት ዘርፌ ማን ናት፣ ዘመዳችሁ ናት ወይ ብላ ጠየቀች።

«ናት» አለች ብርቄ።

ሴትዮዋ አልመረመረችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ሩት ልጄ እያሉ አለቀሱላት። እኔም አለቀስሁ። ለደሳለኝ ይሁን፣ ለየሺ ይሁን፣ ለሽንኩርት ሻጯ፣ አልለየሁትም።

ስለ ሰማያዊው የጻፍሁትን መለስ ብየ አየሁት። ቀኑን ማመሱን አሁንም አልወድለትም። አረመኔ ያልሁትን ግን ሰርዣለሁ። ሰውየው ያየውን ነው የጻፈ።

አስቴር የልቧን ምት ደጋግማ ለክታለች። ደህና ነው አለች፤ ግን ነገን ሳናይ አናወራም ብላ አብራት ልታድር ቀርታለች። እመቤት እናቷ እግር ሥር ተኝታለች፣ ጥቁሯን እንደለበሰች። ከመጽሐፉ ሁለት ምዕራፍ ቀርቷል፣ ከአልጋው ራስጌ አስቀምጨዋለሁ። ብርቄን እንቅልፍ ይዟታል። ትንፋሿን እያዳመጥሁ ነው የምጽፍ። አሁን አንዴ ሳይመጣ ቆየ፣ እስክርቢቶውን አቆምሁ። ደግሞ መጣ።