እትዬ «ከኋላ ጀምሩ»

ሁላችንም በዚህ ቅጽል ስም የምናውቃቸው እትዬ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ከማተሚያ ቤት ጀርባ ስለነበር ፊደል የቆጠሩት ማተሚያ ቤቱ በሚጥለው ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ነው። በቤተ መጻሕፍት ሙያ ሠልጥነው በ1967 ዓ.ም. በአንድ ኮሌጅ የመጽሔት ክፍል ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. ከመጽሐፍ ጠራዡ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል።

ሥራቸው መለየት ነበር፦ የመዝናኛ መጽሔት በቀኝ መደርደሪያ፣ የምሁራን ጆርናል በግራ። በ1978 ዓ.ም. ነጭ ሽፋን ያለው፣ ጋዋን የለበሰ ሰው ፎቶ የወጣበት አንድ መጽሔት መጣ። ቸኩለው ነበርና ሳይገልጡ በግራ ሰደሩት። የደም ግፊት የነበረባቸው ታናሽ እህታቸው አንሥተው አነበቡት፤ ክኒኑ ይቅር፣ ቅጠል ይበቃል ይላል። እውነት ነው ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ «ከግራው ከሆነ እመኚው» አሏቸው። እህታቸው አምነው ክኒኑን ተዉ፤ በሦስተኛው ወር ዐረፉ።

ከቀብር መልስ እትዬ መጽሔቱን ከጀርባው ገለጡት። የጸሐፊ ስም የለ፣ የተጠቀሰ ጥናት የለ፤ የመጨረሻው ገጽ የሳሙና ማስታወቂያ ነበር። ወይ አለመታደል! ከዚያ ወዲያ ተማሪውን ሁሉ «ከኋላ ጀምሩ! ማን ጻፈው? ከየት አመጣው? ማን መረመረው?» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ስለነሡት ስሙ ወጣላቸው። ባለቤታቸውም «እኔ ሽፋን እሠራለሁ፣ እሷ ሽፋን ታማለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ግን እትዬ ከግራው መደርደሪያ በኩል ገጽ ሲገለጥ ይሰማቸው ነበር። ሄደው ያያሉ፤ ማንም የለም። ሁሉንም አንድ በአንድ መዘው፣ የኋላውን ገጽ አይተው ይመልሳሉ። በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንዲሁ ኖሩ።

የእህታቸውን የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት አስቀምጠው ሁሉንም ነገሯት። ልጅቱ ዝም አለች።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። «በሕይወት ታሪኬ ላይ ጥፋቴ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ እንዳታምኑት» ብለው አዝዘው ነበርና ተጽፏል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውና ያሳደጓት ልጅ ከኋላቸው ቀርተዋል።

ጸሐፊ፦ ያሳደጓት ልጅ። ምንጭ፦ እሳቸው ራሳቸው። አንድ ነገር ግን እሳቸውም አያውቁትም። ልጅቱ ያን ቀን ዝም ያለችው ተቀይማ አልነበረም፤ አዝናላቸው ነው። ይቅር ብላቸዋለች። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ቀረ።

እትዬ፣ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ነገርኩዎት። ፈጣሪ ነፍስዎን ከዚያ መደርደሪያ ያላቅቅልኝ።